ባለጠጋውም አበል የሚቀበልበት አገር፦ የስዊድን ዌልፌር ስቴት እንዴት ተገነባ?

ስዊድን ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም። ልጅ ሲወለድ በየወሩ 1,250 ክሮና ወደ ወላጆቹ የባንክ ሂሳብ መግባት ይጀምራል። እዚያው ለተወለደ ልጅ ማመልከቻ እንኳን አያስፈልግም። «ደመወዝህ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። አውቶቡስ የሚያጸዳው አባት ያገኛል። የትልቅ ፋብሪካ ባለቤትም ያችኑ 1,250 ያገኛል።

«ለሀብታሙ ደግሞ ምን ሊያደርግለት ነው?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይመጣል። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ያልኩት ይህንኑ ነው። መልሱ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አያልቅም፤ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስደናል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ዌልፌር ስቴት ምንድን ነው?

ቃሉ በአማርኛ እስካሁን ቤት አላገኘም። «የደኅንነት መንግሥት» ብንለው ሌላ መሥሪያ ቤት ትዝ ይለናል። «የበጎ አድራጎት መንግሥት» ካልነው ምጽዋት ይመስላል፤ ነገሩ ደግሞ ከምጽዋት ለመሸሽ የተፈጠረ ነው። ስለዚህ ዌልፌር ስቴት እያልን እንቀጥል።

ሰው ይታመማል፣ ያረጃል፣ ይወልዳል፣ ከሥራ ይባረራል። የዚህን ሁሉ ጣጣ ባለቤቱና ዘመዱ ብቻ እንዳይሸከሙት፣ አገሩ በሙሉ በግብር አዋጥቶ ሲሸከመው ዌልፌር ስቴት ይባላል። እድርን አስቡ። ሐዘን ሳይኖር በየወሩ ይከፈላል፤ ሐዘን ሲመጣ ድንኳኑም ገንዘቡም ይደርሳል። ልዩነቱ ሦስት ነው። እዚህኛው «እድር» ውስጥ መግባት ግዴታ ነው። መዋጮው እንደ ገቢው መጠን ይለያያል። የሚሸፍነውም ቀብርን ብቻ ሳይሆን ሕይወትን በሙሉ ነው።

ሌላው የሚያምታታው «ሶሻል ዴሞክራሲ» የሚለው ስም ነው። የእኛ ሰው «ሶሻል» የሚል ነገር ሲሰማ ትርፍ ቤትና ፋብሪካ የተወረሰበትን የደርግ ዘመን ያስታውሳል። ስዊድን ውስጥ እንዲህ ያለ ውርስ አልተካሄደም። ኤሪክሰንም አይኬአም በግል እጅ ያደጉ ኩባንያዎች ናቸው። የቫለንበሪ ቤተሰብ ሶሻል ዴሞክራቶች በገዙበት ዘመን ሁሉ ባንኩንና ኢንዱስትሪውን ይዞ ዘልቋል። የሶሻል ዴሞክራቶቹ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ባለሀብቱ ፋብሪካውን ይያዝ፣ ያትርፍ፤ እኛ በምርጫ አሸንፈን ግብር እንሰበስባለን፣ ሠራተኛው ደግሞ ተደራጅቶ ደመወዙን ይደራደራል። ላሟን አርዶ ከመካፈል እያለቡ መካፈል ይሻላል እንደማለት ነው።

ድሮም ሀብታም አልነበሩም እንዴ?

አልነበሩም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በ1860ዎቹ መጨረሻ ስዊድን ውስጥ ረሃብ ነበር። ሰው የዛፍ ቅርፊት ፈጭቶ ከዱቄት ጋር እየቀላቀለ ጋግሮ በልቷል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 1920ዎቹ ድረስ ከ1 ሚሊዮን በላይ ስዊድናዊ አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ አብዛኛው ወደ አሜሪካ። በ1900 የአገሩ ሕዝብ 5 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነበር። ስንት ቤት እንደተዘጋ ገምቱ።

ለቀረው ድሃ ምን ይደረግለት ነበር? በአንዳንድ ቦታ ጧሪ ያጣውን ሰው በየገበሬው ቤት ተራ በተራ ያዞሩታል፤ እዚህ ጥቂት ቀን፣ እዚያ ጥቂት ቀን። በሌላ ቦታ ጨረታ ይወጣበታል። አዎ፣ ጨረታ። ወላጅ አልባ ልጅ ወይም አቅመ ደካማ አዛውንት ሕዝብ ፊት ይቀርባል። «ይህን ሰው በዓመት በስንት ትቀልቡታላችሁ?» ተብሎ ይጠየቃል። አሸናፊው ዝቅተኛውን ገንዘብ የጠራው ነው። በትንሽ ገንዘብ የወሰደው ገበሬ ትንሽ ቀልቦ ብዙ እንደሚያሠራ ለማንም ግልጽ ነው። ይህ አሠራር በሕግ የተከለከለው በ1918 ነው። በኋላ ሕጎቹን የጻፉት ፖለቲከኞች የተወለዱት ይህ እየተደረገ ነው። «እርዳታ» የሚለውን ቃል ለምን እንደጠሉት ለመረዳት ይህችን ጨረታ ማስታወስ ይበቃል።

ታዲያ በማን ተጀመረ?

ቀልድ ይመስላል እንጂ በእድር ነው የተጀመረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከገጠር ወደ ፋብሪካ የገቡት ሠራተኞች የሕመምና የቀብር ማኅበር አቋቋሙ። ሳንቲም እያዋጡ የታመመውን ይደግፋሉ፣ የሞተውን በክብር ይቀብራሉ። መንግሥት በ1891 ለሕመም ማኅበራቱ ድጎማ መስጠት ጀመረ። ከጎናቸው የሠራተኛ ማኅበራት፣ የመጠጥ ተቃዋሚ ማኅበራትና ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን የተለዩ ነፃ አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ። አባል መመዝገብ፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ሒሳብ ማወራረድ፣ ስብሰባ መምራት፦ ብዙው ስዊድናዊ ዴሞክራሲን የተለማመደው የመምረጥ መብት ሳያገኝ እነዚህ ውስጥ ነው።

የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲው በ1889 ተመሠረተ። ትልቁ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ኤልኦ በ1898 ተከተለ። ሁለቱ እንደ መንታ ናቸው። በ1909 ወደ 300,000 ሠራተኛ የወጣበት አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ተደረገ፤ ሠራተኞቹ ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ በርካታ አባላት ማኅበራቸውን ጥለው ወጡ።

አሁን አንድ የሚገርም ነገር። የመጀመሪያው ትልቅ ሕግ የወጣው በሶሻል ዴሞክራቶች መንግሥት አይደለም። በ1913 የጡረታ ሕጉን ያወጣው የሊበራሎቹ መንግሥት ነው። ጀርመን በቢስማርክ ጊዜ፣ በ1889፣ ለሠራተኞች ብቻ ጡረታ ደንግጋ ነበር። ስዊድን ግን ከሞላ ጎደል ሕዝቡን በሙሉ አስገባች። ከደግነት የመጣ እንዳይመስላችሁ። አብዛኛው ሕዝብ ገና ገበሬ ነበር። ገበሬው «ለከተማ ሠራተኛ ጡረታ እኔ ግብር የምከፍልበት ምን ዕዳ አለብኝ?» አለ። መፍትሔው እሱንም ማስገባት ሆነ። ክፍያው ለጉሮሮ የማይደርስ ነበር፣ ለሴቶች ደግሞ ከወንዶቹም ያንስ ነበር። ግን «ሁሉም ይግባበት» የሚለው ሐሳብ ያኔ ተዘራ።

«የሕዝብ ቤት» ያሉት ምንድን ነው?

ሁሉም ሴቶችና ወንዶች የመረጡበት የመጀመሪያ ምርጫ የተካሄደው በ1921 ነው። ቀጥለው የመጡት ዓመታት ሰላማዊ አልነበሩም። መንግሥት በየጊዜው ይወድቃል። የ1920ዎቹ ስዊድን አድማ ከሚበዛባቸው የአውሮፓ አገሮች አንዷ ነበረች። በግንቦት 1931 ሰሜን ውስጥ ኦዳለን በሚባል ሸለቆ ወታደሮች በሰልፈኛ ሠራተኞች ላይ ተኮሱ። አምስት ሰው ሞተ።

በዚህ መሃል ፔር አልቢን ሃንሶን የሚባል ሰው አለ። ማልሞ አጠገብ የተወለደ፣ ትምህርቱን ገና በልጅነቱ አቋርጦ ተላላኪ ሆኖ ሥራ የጀመረ። በ1928 ፓርላማ ውስጥ ባደረገው ንግግር አገርን ከቤት ጋር አመሳሰላት። ጥሩ ቤት ውስጥ የሚሞላቀቅ ልጅና የእንጀራ ልጅ የሚባል ነገር የለም አለ። ሁሉም እኩል ይበላል፣ ጠንካራው ደካማውን አይረግጥም። «ፎልክሄም» የሚሉት ይህን ነው፤ የሕዝብ ቤት። ቃሉን ቀድመው የተጠቀሙበት ወግ አጥባቂዎቹ ነበሩ፤ እሱ ነጠቃቸው። የመደብ ትግል የሚለውን ንግግር ወደ ጎን አድርጎ ስለ ቤት ማውራቱ ከገበሬውና ከመለስተኛ ነጋዴው ጋር አግባባው።

በ1932 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ ላይ ነበር። ከሠራተኛ ማኅበራት አባላት ወደ አንድ አራተኛው የሚጠጋው ሥራ አልነበረውም። ፓርቲው ደግሞ ፓርላማ ውስጥ አብላጫ የለውም። ምን ይደረግ?

እዚህ ላይ የመጣው በእኛ ቋንቋ «እከክልኝ ልከክልህ» ነው። ስዊድኖች «የላም ንግድ» ይሉታል። በ1933 ሶሻል ዴሞክራቶቹ ከገበሬዎች ፓርቲ ጋር ተዋዋሉ። ገበሬው የቅቤውና የወተቱ ዋጋ እንዳይወድቅ መንግሥት ይደግፍለት አለ። ከተሜው ቅቤ በውድ ሊገዛ ነው ማለት ነው፤ ለሠራተኛ ፓርቲ መራራ ነበር። በምላሹ ገበሬዎቹ መንግሥት ለሥራ አጡ መንገድና ሕንፃ እያስገነባ በገበያ ዋጋ ደመወዝ እንዲከፍል ፈቀዱ። ከዚያ በፊት ሥራ አጡ ከገበያ በታች በሆነ ክፍያ ነበር የሚሠራው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ኤርንስት ቪግፎሽ በቀውስ ጊዜ መንግሥት ተበድሮም ቢሆን ሥራ መፍጠር አለበት ብሎ አስቀድሞ ይሟገት ነበር። በ1934 የሥራ አጥ መድን መጣ። ገንዘቡን የሚያስተዳድሩት የሠራተኛ ማኅበራቱ ራሳቸው ሆኑ፣ መንግሥት ይደጉማል። የድሮው እድር በመንግሥት ጉልበት ማለት ነው። ዛሬም የሥራ አጥ ካሳ የሚከፈለው በእነዚሁ ካዝናዎች በኩል ነው።

አሠሪና ሠራተኛ እንዴት ታረቁ?

ስቶክሆልም አጠገብ ሳልትሾባደን የምትባል የባሕር ዳር መዝናኛ አለች። በታኅሣሥ 1938 የአሠሪዎች ማኅበርና ኤልኦ እዚያ ተፈራረሙ። ፍሬ ነገሩ «መንግሥት በመካከላችን አይግባ፣ ድርድሩን ራሳችን እንጨርሳለን፤ የሠራተኛ አድማ ወይም አሠሪው ፋብሪካውን በሠራተኛ ላይ መቆለፉ ከመምጣቱ በፊት እነዚህን ደረጃዎች እናልፋለን» የሚል ነው። ለዚህ ነው ስዊድን ዛሬም በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የሌላት። ደመወዝ የሚወሰነው በየዘርፉ በሚፈረም የኅብረት ስምምነት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዮስታ ሬን እና ሩዶልፍ ማይድነር የተባሉ የኤልኦ ኢኮኖሚስቶች አንድ ረቀቅ ያለ ሐሳብ ይዘው መጡ። በምሳሌ ላስረዳ። ሁለት ዳቦ ቤቶች አሉ እንበል። አንደኛው አዲስ ማሽን አለው፣ ለሠራተኛው 100 መክፈል ይችላል። ሌላው በአሮጌ ምድጃ ነው የሚጋግረው፣ ከ70 በላይ አቅም የለውም። ማኅበሩ «ሥራው አንድ ስለሆነ ሁለታችሁም 85 ክፈሉ» ይላል። አሮጌው ይዘጋል። አዲሱ 15 ይተርፈዋል፣ ቅርንጫፍ ይከፍታል። ዳቦ ቤቱ የተዘጋበትን ሠራተኛ መንግሥት አሠልጥኖ፣ የጓዝ ማጓጓዣ ከፍሎ ወደ አዲሱ ሥራ ይወስደዋል። ሥራው ይሞታል፣ ሰውዬው ግን አይወድቅም።

በወረቀት ላይ ያምራል። በተግባር ሰሜኑ ባዶ ቀረ። ወጣቱ ተጭኖ ወደ ደቡብ ከተሞች ወረደ። ሥራውን የሚመራው መሥሪያ ቤት ኤኤምኤስ በሚል ምህጻር ይጠራ ነበር። የሰሜን ሰዎች ፊደላቱን «ሁሉም ወደ ደቡብ ይውረድ» ብለው ፈቷቸው።

ጦርነቱን በተመለከተ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። ስዊድን አልተዋጋችም። አውሮፓ ሲፈርስ የእሷ ፋብሪካ ቆሞ ነበር። የብረት ማዕድኗን፣ እንጨቷንና ማሽኗን ዓለም ይፈልገው ነበር። የዕድገቱ ጉዞ ግን ከዚያ በጣም ቀድሞ ከ1870ዎቹ ጀምሮ የነበረ ነው። «መጀመሪያ ሀብታም ሆኑ፣ ከዚያ አካፈሉ» የሚለውም «በማካፈል ሀብታም ሆኑ» የሚለውም ለየብቻው ልክ አይመጣም። ሁለቱ ጎን ለጎን ነበር የሚሄዱት።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፦ ለሀብታሙ ለምን?

መልሱ በአብዛኛው ከአንድ ሰው ጋር የተያያዘ ነው፤ ከማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጉስታቭ ሞለር። በድህነት ያደገ ነው። ለድሃ ተብሎ የሚሰጥ ነገር የሚያስከትለውን ውርደት ከልጅነቱ ያውቀዋል።

እኛም አገር ነፃ ሕክምና የሚፈልግ ሰው ድሃ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት ከቀበሌ ማምጣት ነበረበት። ወረቀቱን ለማግኘት ሰው ፊት ቆሞ «የለኝም» ማለት አለ። ይሉኝታ ያለበት ሰው ከዚያ መታመምን ይመርጣል። ደፋሩ ደግሞ እያለውም ያወጣል። ጸሐፊው ዘመዱ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የሞለር ሐሳብ ይህን ሁሉ ከሥሩ መንቀል ነው፦ ማጣራቱን አስቀሩት፣ ለሁሉም ስጡ፤ ከሀብታሙ በግብር በኩል መልሳችሁ ትወስዱታላችሁ።

ቪግፎሽን ጨምሮ የራሱ ፓርቲ ሰዎች ወጪው አሳስቧቸው ነበር። ወግ አጥባቂዎቹ ግን ደገፉት፤ የእነሱ መራጭም ጡረታውን ሊያገኝ ነውና። በ1946 ሕጉ ጸደቀ። ከ1948 ጀምሮ እያንዳንዱ አረጋዊ ሀብቱ ሳይመረመር አንድ ዓይነት መሠረታዊ ጡረታ ማግኘት ጀመረ። በዚያው ዓመት የልጅ አበል ተከተለ፤ ለአንድ ልጅ በዓመት 260 ክሮና። ከዚያ በፊት የነበረው ልጅ ላለው ሰው የግብር ቅናሽ ነበር፣ ደመወዙ ላቅ ያለው ነው የበለጠ የሚጠቀመው። አሁን ገንዘቡ እኩል ሆነ፣ ለእናትየው በእጇ ተሰጠ።

ሌላም ብልሃት አለበት። ለድሃ ብቻ የሚሰጥ ነገር በጀት ሲጠብብ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው፤ የሚጮህለት የለም። ሐኪሙም፣ መምህሩም፣ ነጋዴውም የሚቀበሉትን አበል ልቁረጥ የሚል ፖለቲከኛ ግን ሁለቴ ያስባል። ከፋዩ ራሱ ተቀባይ ነው። እድር ውስጥ ያሉ ሀብታሞች ድንኳን መግዛት አቅቷቸው አይደለም አባል የሚሆኑት። እነሱ ሲወጡ ግን የሚቀረው እድር ምን ዓይነት እንደሚሆን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሁሉም ተስማምቶ ነው የተሠራው?

በጭራሽ። የጡረታ ነገር አገሩን ለሁለት ሊከፍል ደርሶ ነበር። መሠረታዊው ጡረታ ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ጥሩ ደመወዝ የነበረው ሰው ሲያረጅ ኑሮው ያሽቆለቁላል። የቢሮ ሠራተኞች ቀድሞውንም ከአሠሪያቸው ተጨማሪ ጡረታ ነበራቸው፤ የፋብሪካ ሠራተኛው ግን አልነበረውም። ሶሻል ዴሞክራቶቹ ለሠራተኛ ሁሉ ግዴታ የሆነ፣ በደመወዝ ልክ የሚሰላ ተጨማሪ ጡረታ ይኑር አሉ። ተቃዋሚዎቹ «በፈቃድ ይሁን፤ መንግሥት ይህን ያህል ገንዘብ በእጁ መያዝ የለበትም» አሉ።

በጥቅምት 1957 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ምርጫው ሁለት ሳይሆን ሦስት ነበር፣ አንዱም ግማሽ አላገኘም። ሁሉም አሸነፍኩ አለ። የገበሬዎቹ ፓርቲ ከሶሻል ዴሞክራቶቹ ጋር ከነበረበት ጥምር መንግሥት ወጣ። በ1958 ያለ ጊዜው ምርጫ ተጠራ። ውጤቱ የባሰ ነበር፦ በታችኛው ምክር ቤት ድምፅ የመስጠት መብት ያላቸው ሁለቱ ወገኖች 115 ለ115 ተፋጠጡ።

ቱረ ኮኒግሶን የሚባል የዮተቦሪ ከተማ ሰው ነበር። የሊበራሎቹ ፓርቲ ተወካይ፣ ግን ራሱ ሠራተኛ። ፓርቲው ተቃወም ይለዋል። እሱ ደግሞ ይህ ዕድል ካመለጠ የፋብሪካ ጓደኞቹ ጡረታ አያገኙም ብሎ ያምናል። በግንቦት 1959 ድምፅ ሲሰጥ ተአቅቦ አደረገ። ሕጉ 115 ለ114 አለፈ። ፓርቲው ለቀጣዩ ምርጫ አላቀረበውም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ታገ ኤርላንደር ግን 23 ዓመት ገዛ።

በተጨማሪ ጡረታው የተጠራቀመው ገንዘብ ወዴት ሄደ? ትልቁ ድርሻ ለቤት ግንባታ ተበደረ። ከ1965 እስከ 1974 መንግሥት አንድ ሚሊዮን ቤት እንዲሠራ አቀደ፣ ተሠራም። ሕዝቡ ያኔ 8 ሚሊዮን ገደማ ነበር።

ሴቶቹስ?

የ1948ቱ ሥርዓት አባወራው ሠርቶ ሚስቱ ቤት የምትውልበትን ኑሮ ታሳቢ ያደረገ ነበር። የተለወጠው በ1970ዎቹ ነው። እስከ 1971 ድረስ የባልና ሚስት ገቢ ተደምሮ ግብር ይጣልበት ነበር። ሚስት ሥራ ስትጀምር የመጀመሪያዋ ክሮና ሳትቀር በባሏ ደመወዝ ላይ ተደምራ ከፍ ባለው መጣኔ ትቆረጣለች። «ምን ልትሠሪ ትወጫለሽ?» የሚያሰኝ ሕግ ነው። በዚያ ዓመት ግብሩ ለየብቻ ሆነ። በ1974 ደግሞ የወሊድ ፈቃዱ የእናት ብቻ መሆኑ ቀረ፤ አባትም እንዲወስደው ተፈቀደ። በዓለም የመጀመሪያው ነው። ያኔ ስድስት ወር ነበር። ዛሬ ለአንድ ልጅ 480 ቀን ነው፣ ከዚያ ውስጥ 90 ቀን ለእያንዳንዱ ወላጅ የተቆለፈ ነው። አባት ካልወሰደው ለእናት አይተላለፍም፣ ይቃጠላል።

ይህ «ቤት» ያስለቀሰው የለም?

አለ። ከ1930ዎቹ አጋማሽ እስከ 1975 ድረስ ሥራ ላይ በዋለው ሕግ 63,000 ያህል ሰው እንዳይወልድ ተደርጓል፤ አብዛኞቹ ሴቶች። ሁሉም በግድ አልነበረም። ብዙዎቹ ግን «አእምሮሽ ደካማ ነው»፣ «ልጅ ማሳደግ አትችይም» ተብለው፣ ከተቋም ለመውጣት ወይም ፅንስ ለማስወረድ ሲሉ የፈረሙ ናቸው። አገር እንደ ቤት ከታየ የቤቱ ኃላፊዎች ማን ቢወልድ እንደሚሻል መወሰን ጀመሩ። መንግሥት ካሳ መክፈል የጀመረው በ1999 ነው፤ ለአንድ ሰው 175,000 ክሮና። ስለ ስዊድን ሲወራ ይህችን የሚዘል ሰው ሲያጋጥመኝ ደስ አይለኝም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

«ከሀብታሞቹ» የሚል መልስ ከጠበቃችሁ ትንሽ ቅር ይላችኋል። ከሁሉም ነው፣ በተለይ ከመካከለኛው ደመወዝተኛ። የወር ደመወዙ 30,000 ክሮና የሆነ ሰው እንውሰድ። አሠሪው ከደመወዙ ሌላ 31.42 በመቶ ለማኅበራዊ ዋስትና ይከፍላል፤ 9,426 ክሮና መሆኑ ነው። ሠራተኛው ከራሱ ደመወዝ ለሚኖርበት ወረዳና ክልል በአማካይ 32 በመቶ ገደማ ግብር አለበት። የተለያዩ ቅናሾች ስላሉ በእጁ የሚቆረጠው ከዚያ ያንሳል። በተረፈው ሲገበያይ ደግሞ አብዛኛው ዕቃ ላይ 25 በመቶ ቫት አለ።

አንዳንዴ ግብሩ ልክ አልፏል። በመጋቢት 1976 የሕፃናት መጻሕፍት ደራሲዋ አስትሪድ ሊንድግሬን ከተወሰነ ገቢ በላይ በምታገኘው ላይ 102 በመቶ ግብር እንደተጠየቀች በጋዜጣ ላይ በተረት መልክ ጻፈች። እንደ ግል ሠራተኛ የአሠሪውንም የተቀጣሪውንም ስለምትከፍል ነው፤ 100 ስትሠራ 102 ይጠፋባታል። የገንዘብ ሚኒስትሩ ጉናር ስትሬንግ ሒሳብ እንደማትችል አድርጎ አጣጣላት። እሷም እሱ ተረት መንገር እንጂ መቁጠር አይችልምና ሥራ እንቀያየር አለች። ሒሳቡ የእሷ ነበር ልክ። ራሷ የሶሻል ዴሞክራት ደጋፊ ነበረች። በዚያው ዓመት መስከረም ፓርቲው ከ44 ዓመት በኋላ ሥልጣን ለቀቀ።

ዛሬም እንደዚያው ነው?

አይደለም፣ የለወጠውም የ1990ዎቹ መጀመሪያ ቀውስ ነው። በ1980ዎቹ ብድር እንደ ልብ ተለቀቀ፣ የቤት ዋጋ ጣሪያ ነካ፣ ከዚያ ፈረሰ። ኢኮኖሚው ሦስት ዓመት በተከታታይ ቀነሰ። ሥራ አጥነት ከ2 በመቶ በታች ተነስቶ ከ8 በመቶ በላይ ሆነ። በመስከረም 1992 ማዕከላዊ ባንኩ ክሮናውን ለማዳን ወለዱን 500 በመቶ አደረሰው፤ ክሮናው ግን አልዳነም።

ያኔ አበል ተቆረጠ፣ ሠራተኛ ተቀነሰ። በ1992 በሕዝብ ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ የግል ትምህርት ቤቶች በሰፊው ተፈቀዱ፤ ትርፍ ማውጣታቸው ዛሬም ያከራክራል። የውርስ ግብር በ2004 መጨረሻ፣ የሀብት ግብር በ2007 ተነሱ። አጠቃላይ ግብሩ በ1990 ገደማ ከአገሩ ምርት ግማሹን ያህል ነበር፤ አሁን ከ40 በመቶ ትንሽ ከፍ ይላል። ስለ ስዊድን ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ 1975ቷ ነው። አሁን ያለችው ሌላ ነች።

ትልቁ ለውጥ ግን ያ በአንድ ድምፅ ያለፈው ጡረታ ነው። ኮኒግሶን ያሳለፈው ሥርዓት ምርጥ የሆኑትን 15 ዓመታት ወስዶ ነበር የሚያሰላው። በ1990ዎቹ አምስት ፓርቲዎች ተስማምተው በአዲስ ተኩት። አሁን የምርጥ ዓመታቱ ብቻ ሳይሆን በሥራ ዘመን ሁሉ የተገኘው ገቢ ይቆጠራል፤ ከገቢ 18.5 በመቶ በስምህ ይመዘገባል። ኢኮኖሚው ሲታመም ጡረታውም አብሮ ዝቅ እንዲል ተደርጎ ነው የተሠራው፤ በ2010 ዝቅ ብሏልም።

ይህ ለእኛ ሰዎች ቀጥተኛ ትርጉም አለው። የሚሊዮኑ ቤት ፕሮግራም ከሠራቸው የስቶክሆልም ሰፈሮች መካከል ሪንከቢ፣ ተንስታና ሁስቢ ይገኛሉ። ከአብዮቱ በኋላ በስደት የገቡ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ኑሯቸውን የመሠረቱት እዚያ ነው። የልጅ አበሉና ሕክምናው መኖሪያን ተከትሎ ይመጣል፤ አገሩ ላይ መኖርህ ይበቃል። ጡረታው ግን ሥራን ተከትሎ ነው የሚሄደው። በ40 ዓመት ዕድሜው ስዊድን የገባ ሰው ሊያጠራቅም የሚችለው የሃያ ምናምን ዓመት ብቻ ነው። ገቢው አነስተኛ ለነበረው የዋስትና ጡረታ አለ። እሱንም ቢሆን ሙሉውን ለማግኘት 40 ዓመት መኖር ያስፈልጋል፤ በጎደለው ዓመት ልክ ይቀንሳል።

ያጠራቀመውን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ሩቅ አይሄድም። የጡረታ መሥሪያ ቤቱ በየዓመቱ ብርቱካናማ ፖስታ ይልካል፣ አሁን በስልክም ይከፈታል። ውስጡ እንዲህ የሚል ቁጥር አለበት፦ እስከ ዛሬ ያጠራቀምኸው ይህን ያህል ነው።